ከዚዋ ምሰሶ ሥር

ኪሱሙ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዛብሎን ኦሪያሮ፣

ሰላምታዬ እንደ ሐይቃችን ሰፍቶ ይድረስዎ። የዚያ አገር ብርድ እንደማይጫንዎት፣ ጉልበትዎም እንደሚታዘዝልዎት ተስፋ አለኝ። እናቴ ደህና ናት። "ከእኔ ዕድሜ ቀንሶም ቢሆን ለወንድሜ ይጨምርለት" ብላ እንድጽፍ አዛኛለች፤ ጽፌያለሁ።

ስልክ እያለህ ለምን ደብዳቤ ይሉኝ ይሆናል። ስልኩን የሰጠኝ አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ነው። ባለፈው ወር ሹፌራችን ለተቀናቃኛችን ሰው ደወልክ ተብሎ፣ የደወለበት ቀንና ሰዓት ከወረቀት ላይ ተነበበለትና በዚያው ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በስልክ የምናወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

ሥራዬ ዚዋ ለሚባለው የሞባይል ኩባንያ የማስታወቂያ ሰሌዳ መስቀል ነው። እርስዎ የሚያውቁት የገበያው አደባባይ አሁን የጦር ሜዳ ሆኗል። በአንደኛው ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን ተቀናቃኛችን ፓሞጃ። እነሱ "ሩቁን እናቀርባለን" ብለው ሰቀሉ። የእኛዎቹ በማግሥቱ "ቅርቡን ማን አራቀው?" ብለው መለሱ። ከዚያ ነገሩ ከቃል ወደ ቁመት ዞረ። የእነሱ ምሰሶ አሥራ ሁለት ሜትር ሲሆን የእኛ አሥራ አራት፣ የእነሱ አሥራ አምስት ሲገባ የእኛ አሥራ ሰባት። የምወጣውም የምበይደውም እኔ ነኝ።

የፓሞጃው ሰሌዳ ሰቃይ ኦጎላ የሚባል ቀልደኛ ነው። ትናንት ከምሰሶው አናት ላይ ሆኖ ጮኸብኝ፦ "አንተ የዚዋ ጦጣ! ከዚያ ሆነህ ምን ይታይሃል?"

"ሁሉም ይታየኛል፤ የአንተ ደሞዝ ብቻ አነሰና አልታይ አለኝ!" አልኩት። ገበያው በሙሉ ሳቀ።

ሰሌዳችን ትልቅ ስለሆነ ደህና ጥላ ይጥላል። እናቴና ሌሎቹ ዓሣ ሻጮች ኦሜና የተባለውን ትንንሽ ዓሣቸውን ይዘው ከሥሩ ገብተዋል። "ልጄ የተከለው ዛፍ" ትለዋለች።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። የማያንሸራትት ጫማና ላይ ስወጣ የምታሰርበት ቀበቶ ቢልኩልኝ ግን ውለታዎን አልረሳም። የጫማ ቁጥሬ አርባ ሦስት ነው።

የእህትዎ ልጅ፣
ሲላስ ኦልዌኒ


ጎተንበርግ፣ ማርች 1 ቀን 2004

ሲላስ፣

እግዚአብሔር እግርህንና ጭንቅላትህን ይጠብቅ፤ ሁለቱም የሚያስፈልጉህ ሥራ ይዘሃል።

ጫማውና ቀበቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልከዋል። ቀበቶው ሁለት ማንጠልጠያ አለው፤ አንዱን ሳታስር ሌላውን አትፍታ። ይህን ሳታደርግ ብትወጣ ባትለብሰው ይሻላል፤ ቢያንስ አትታለልም።

አሁን የምጠይቅህን በግምት አትመልስልኝ። ለክተህ መልስ። ምሰሶው ከምን ተሠራ? ቱቦ ከሆነ ውፍረቱ ስንት ነው? የውጭውን ስፋት አላልኩም፣ የብረቱን ውፍረት ነው። መሠረቱ ስንት ሜትር ተቆፈረ? አፈሩ ያው ዋልካ ነው ወይስ አስወጥታችሁ ሌላ ሞላችሁ? ወጥረው የያዙት ገመዶች ስንት ናቸው፣ ከምንስ ጋር ታስረዋል? አሥራ አራት ሜትር የነበረውን ምሰሶ አሥራ ሰባት ያደረጋችሁት መሠረቱን ሳትነኩ ነው? የምሰሶውን የምህንድስና ሥዕል ማን ሣለው? ስሙን ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኪሱሙ የምድር ወገብ ላይ ናት። ቀትር ላይ የሰሌዳው ጥላ የሚያርፈው ከሰሌዳው በታች ነው። ይህ ማለት እናትህ ጥላ ፍለጋ የምትቀመጠው፣ ሰሌዳው ቢለቅ በቀጥታ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ዛፍ አይደለም። ንገራት።

መልሱ እስኪደርሰኝ አትውጣ። ይህን ስጽፍ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

አጎትህ ዛብሎን


ኪሱሙ፣ ማርች 22 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቁ። ጫማው ልክ ነው። ቀበቶውን ለብሼ ስወጣ ኦጎላ "ዛሬ ደግሞ እንደ ፍየል ታስረህ መጣህ!" አለኝ። እርስዎ ያሉኝን አንድ በአንድ አድርጌያለሁ።

ለካሁ። ምሰሶው አሮጌ የውኃ ቱቦ ነው። የውጭ ስፋቱ አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የብረቱ ውፍረት አራት ሚሊ ሜትር ተኩል። መሠረቱ አንድ ሜትር ከሃያ። አፈሩ ያው ዋልካ ነው፤ አልተነካም። ገመዶቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ተቀብረዋል፣ ሦስተኛው ቦታ ስለጠፋ ከመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ጋር ታስሯል። ሥዕል የለም። "በፓሞጃ ላይ ሁለት ጨምሩ" የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው ያለው።

አሁን የሚያስቅዎትን ልንገርዎት። ፓሞጃዎች ምሰሷቸውን ለቀለም ብለው ግማሹን አወረዱት። አያቴ የሞቱ ዕለት ከጎጆው አናት ላይ ኦሱሪው፣ ያ የጣሪያው ጫፍ እንጨት፣ ሲነቀል እርስዎም ቆመው አይተዋል፤ አናቱ የተነቀለ ቤት ባለቤቱ የሞተ ቤት ነው። እኔም ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጃሾን ኦውቲ በሚሰማበት "ፓሞጃ ሞተ፣ ኦሱሪው ተነቀለ" ብዬ ቀለድኩ። ሰውየው አልሳቀም። አየኝና ወደ ቢሮው ገባ። በሁለተኛው ቀን የምሰቅለውን ሸራ ሲሰጡኝ የተጻፈው "ጎረቤታችንን ነፍስ ይማር፤ እኛ ግን ቆመናል" የሚል ነበር!

ከተማው አበደ። ሰው በብስክሌት የሚያመላልሱት የቦዳቦዳ ነጂዎች በፓሞጃ ቢሮ ደጃፍ ሲያልፉ ብስክሌታቸውን እየገፉ ያለቅሳሉ። ሴቶች የፓሞጃን የስልክ ካርድ "የሙት ካርድ አንገዛም" ብለው መለሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኛ ዘንድ ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰ። እኔም የሰቃዮች አለቃ ሆንኩ።

ፓሞጃዎች ግን አበዱና ሃያ ሜትር አቆሙ። እኛ ባለፈው ሐሙስ ሃያ ሁለት ገባን። ሲነፍስ ትንሽ ይወዛወዛል፤ የለመደው አይፈራም።

ሲላስ


ጎተንበርግ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2004

ሲላስ፣

ሰላም ላንተና ለእናትህ።

አላሳቀኝም።

በላክልኝ ልክ ሦስት ጊዜ አስልቻለሁ፤ ሦስተኛውን የሠራሁት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተት ይሆኑ እንደሆነ ብዬ ነው። ሰሌዳችሁ እንደ ተለመደው አራት በስድስት ሜትር ከሆነ ሃያ አራት ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ቢያገኘው በአንድ ቶን ተኩል ጉልበት ይገፋዋል። ይህ ነፋስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከናንዲ ኮረብቶች የሚወርደውን የከሰዓት ዶፍ አንተም እኔም እናውቀዋለን። ያ ቱቦ ብቻውን የዚህን ጉልበት አንድ አሥረኛ አይችልም። የቀረውን የያዙት ሦስቱ ገመዶች ናቸው። ከሦስቱ አንዱን የያዘው የመድኃኒት ቤት ግድግዳ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ የተሠራው ጣሪያ እንዲሸከም ነው። የማንም ማስታወቂያ ይሸከማል ብሎ የሠራው የለም።

ዋልካ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የቀበራችሁትን ሁሉ ያላላዋል። በመሠረቱ ዙሪያ ክፍተት ካየህ አንድ ቀን አትጠብቅ።

መውረድ አለበት። ከላይ አሥር ሜትር ተቆርጦ ወደ አሥራ ሁለት ይመለስ፤ ሰሌዳውም በግማሽ ይነስ። ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ አያይዤዋለሁ፤ ለአለቃህ ስጠው። ካልገባው አንተ አስረዳው፤ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

እህቴን ከዚያ አስነሣት።

ዛብሎን


ኪሱሙ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ያክብርዎ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ስሌቱን ይዤ አቶ ኦውቲ ዘንድ ገባሁ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ጅል ሰው አይደለም፤ የገባው ይመስለኛል።

"አሥር ሜትር ይውረድ ነው የምትለኝ?" አለኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"ሲላስ፣ ፓሞጃን የቀበረው ማን ነው?"

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

"አንተ ነህ። ቀብረህ አለቃ ሆንክ። አሁን ደግሞ የእኛን ኦሱሪ ልትነቅል መጣህ? ነገ ጠዋት ምሰሶው ቢያጥር ማታ ላይ በዚህ ከተማ ዚዋ ሬሳ ነው። እነሱ የእኛን ሸራ ገልብጠው ይሰቅሉታል፣ ቃሉን እንኳ አይቀይሩም።"

"ለጥገና ነው ብለን እንጻፍበት።"

"እነሱስ ለቀለም ነው ብለው አልጻፉም ነበር? ማን አነበበላቸው?"

እውነቱን ነው። አጎቴ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ሰው የሰማው ቀልድ ቀለድኩ፣ እሱም ገመድ ሆኖ አሰረኝ።

እናቴን ለማስነሣት ሞከርኩ። "ወንድሜ ፀሐያችንን ረስቷታል" አለች። "እዚህ ቦታ ለመቀመጥ ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው? ብነሣ ፀሐይ ሳትዞር ያቺ ዓሣ ሻጭ ንያዶልፎ ትቀመጥበታለች።"

"ንያዶልፎ ትቀመጥበታ!"

"ትቀመጥና ትሙት ማለትህ ነው? እሷስ የሰው ልጅ አይደለችም? አደገኛ ከሆነ ለሁላችንም ንገረን። አደገኛ ካልሆነ ዓሣዬን ልሽጥበት።"

ለሁሉም ብናገር ከሥራ እንደምባረር ታውቃለች። ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ዓሣዎቿን አስተካክዬላት ሄድኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ያሉት ነፋስ መጣ፤ ሙሉው ሳይሆን ጭራው። ምሰሶው ድምፅ አወጣ፣ የበሬ ማግሳት የሚመስል፣ ከታች ጀምሮ የሚያድግ። ሴቶቹ ሳቁ፤ "ዚዋ እየደወለ ነው፣ አንሡለት!" ተባባሉ። እኔ አልሳቅሁም። ዝናቡ ሲያባራ ሄጄ መሠረቱን አየሁ። በኮንክሪቱና በአፈሩ መካከል ሁለት ጣቴ ገባ። የመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ባለቤቱ "ይህን ገመዳችሁን ፍቱልኝ!" ብሎ አንገቴን ሊይዘኝ ነበር። ቢፈታው ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ ማለት ይቻላል።

ክፍተቱን በጭቃ ደፈንኩት። እንዳይታይ እንጂ ሌላ ጥቅም እንደሌለው አውቃለሁ። ለምን እንደደፈንኩት አይጠይቁኝ።

ሲላስ


ጎተንበርግ፣ ሜይ 14 ቀን 2004

ሲላስ፣

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ደወልኩልህ። ፈርተህ "እዚህ ብዙ ዘንቧል፣ አጎቴ" ብለህ ዘጋኸው። ስልክ የሚሸጡ ሰዎች ቀጥረውህ በስልክ መናገር የማትችል ሰው ሆነሃል። አልወቅስህም። መውቀስስ እፈልግ ነበር።

ለእናትህ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ። በሌላ አገር፣ ስሙን በማልጽፈው ወደብ፣ ክሬን መርማሪ ነበርኩ። በ1997 ሰባተኛውን ክሬን ስመረምር በአንድ ብየዳ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁ። በመብራት አየሁት፣ በጥፍሬ ዳሰስኩት። መርከብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አለቃዬም ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። አልጮኸብኝም። ሰዓቱን ብቻ ነበር የሚያየው። "በሚቀጥለው ወር ይጠገን" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ማሬክ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ከሥሩ ነበር፤ ሲጋራውን ለማብራት ከነፋስ ተከልሎ።

የተፈረደብኝ አይምሰልህ። ወረቀቱ ላይ "ይጠገን" የሚል ቃል ስለነበረ ነፃ ወጣሁ። ያንን ቃል የጻፍኩት ለዚህ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ያንን ክፍተት ለምን በጭቃ እንደደፈንከው አልጠይቅህም። አውቃለሁ።

ፍርሃትህን አታሽሽ፤ ልክ የሆነው እሱ ብቻ ነው። ጭቃውን አውጣው። ክፍተቱን ለእናትህ አሳያት፤ ለንያዶልፎም፣ ለሌሎቹም። ጣታቸውን ያስገቡ። ከሥራ ትባረር፤ ሥራ እስክታገኝ እኔ አለሁ።

ይህን ለእናትህ አንብብላት፤ እንደደረሰህም መልስልኝ።

ዛብሎን


ኪሱሙ፣ ጁን 9 ቀን 2004

ለክቡር መሐንዲስ ዛብሎን ኦሪያሮ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በሌላ ከተማ አንድ ሰሌዳ በነፋስ ወድቆ ሚኒባስ በመምታቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከአሥራ አምስት ሜትር በላይ ለሆነ ምሰሶ ሁሉ የመሐንዲስ ፊርማ ያለበት ማረጋገጫ እንዲቀርብ አዟል። ፓሞጃ የራሱን በአንድ ሳምንት ውስጥ አቅርቧል፤ በዚያም መሠረት ምሰሶውን ወደ ሃያ አራት ሜትር ከፍ አድርጓል። ድርጅታችንም ወደ ሃያ ስድስት ለማሳደግ ተዘጋጅቷል።

የእርስዎ የትምህርት ደረጃና የአውሮፓ የሥራ ልምድ ለድርጅታችን ትልቅ ኩራት ስለሆነ፣ ማረጋገጫውን ፈርመው እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ባዶው ቅጽ ተያይዟል። ድርጅታችን አራተኛ ገመድ ለመጨመር ቃል ይገባል። እርስዎ ከፈቀዱ ስምዎ በትልቁ በሰሌዳው ላይ ይወጣል፦ "በአውሮፓ መሐንዲስ የተረጋገጠ፤ ፓሞጃስ?" የሚል። እናቴም ይህን ሰምታ እጅግ ደስ ብሏታል። "የወንድሜን ስም ከራሴ በላይ ተጽፎ ልይ" ብላለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሲላስ ኦልዌኒ፣ የሰሌዳ ክፍል ኃላፊ

(ከጀርባው በእርሳስ፦) አጎቴ፣ የፊቱን ያስጻፈኝ አቶ ኦውቲ ነው፤ ቃል በቃል እየነገረኝ። ይህን ፖስታ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። እፈራለሁ። ስወጣ ቀበቶውን ደጋግሜ አስራለሁ፤ ኦጎላ አይቶታል፣ አልቀለደብኝም። እናቴ ግን እውነት ደስ ብሏታል፣ እሱን አልዋሸሁም። ካልፈረሙ ሌላ ሰው ይፈርማል፤ የማያውቅ ሰው። እርስዎ ቢፈርሙ ቢያንስ አራተኛው ገመድ ይጨመራል። ምን ላድርግ?


ጎተንበርግ፣ ጁን 24 ቀን 2004

ሲላስ፣

ሰላም ለሁላችሁ፤ ለንያዶልፎም ጭምር።

አልፈርምም። ቅጹን ቀድጄዋለሁ። የኩባንያው ምልክት ያለበትን የደብዳቤህን ፊትም ልቀደው ነበር፤ ከእርሳሱ ጽሑፍ ጀርባ ስላለ ብቻ ተርፏል።

ስለ ማሬክ አንድ ቃል አልመለስክልኝም። ለእናትህም አላነበብክላትም፤ አንብበህላት ቢሆን ስሜን ከራሷ በላይ ለማየት አትመኝም ነበር። ጭቃውንም አላወጣህም፤ አውጥተህ ቢሆን ትጽፍልኝ ነበር።

ሌላ ሰው ይፈርማል ትላለህ። ይፈርም። እኔም ያኔ ራሴን ያሳመንኩት በዚሁ ቃል ነበር። አራተኛ ገመድ ይጨመራል ትላለህ። ከምን ጋር ይታሰራል? ስትጽፍ ይህን እንድትዘለው ማን ነገረህ?

ለሰባት ዓመት ያልመጣሁበትን ምክንያት እናትህ በብርዱና በሥራዬ ታሳብባለች። እኔም አላረምኳትም። ያደረግሁትን ይዤ አገሬ ሰው ፊት መቆም አልፈለግሁም፤ ይኸው ነው። አሁን ትኬት ቆርጫለሁ። ጁላይ 3 ቀን ናይሮቢ እገባለሁ፤ በማግሥቱ እናንተ ዘንድ ነኝ። ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ። ለኦውቲ ስሌቱን አፍ ለአፍ አስረዳዋለሁ። ሁለቱም ላይሰሙኝ ይችላሉ፤ የሽማግሌ ጩኸት ለማንም ብርቅ አይደለም።

ከዚያ አደባባዩ ላይ፣ ከእህቴ ጎን፣ ከሰሌዳው በታች እቀመጣለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ። በየቀኑ። ዓሣ ሻጮቹ ምን ታደርጋለህ ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ የክሬኑንም ጭምር። እኔን የሚያባርረኝ ኩባንያ የለም።

እስካሁን እናትህ ከሥር ተቀምጣ አንተ ከላይ መበየድ ችለሃል። የቻልከው እሷ ስለማታውቅና ስለማትፈራ ነው፤ እየሳቀች ወደ ላይ ስታይህ እጅህ ይጸናል። እኔ አውቃለሁ፣ ደግሞም እፈራለሁ።  ሃያ ስድስት ሜትር የምታደርሰው ከሆነ፣ ያን አራት ሜትር የምትበይደው እንዲህ የሚፈራ ሰው ከሥር ቀና ብሎ እያየህ ነው።

አጎትህ ዛብሎን